ድንገት ለጠፋ መስማት የቱን ኮድ ልስጠው?

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጎንደር አንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ካርድ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ታካሚው ከአዘዞ የመጡ አባት ናቸው። ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት ሲነሱ ግራ ጆሯቸው ጭጭ። ሐኪሙ ኩክም ኢንፌክሽንም አላገኘም፣ የመስማት ምርመራው ችግሩ የነርቭ ነው ይላል፣ ካርዱ ላይ ደግሞ «ድንገተኛ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል (ጽሕፈቱን ለማንበብ ራሱ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ)።

አለቃዬ የነርቭ ከሆነ ኤች 90.4 በለው አለችኝ። እኔ ግን አይሲዲ 10ን (የበሽታ መለያ ኮዶች መጽሐፉን) ሳገላብጥ ድንገተኛው ኤች 90 ሥር አይካተትም፣ ቦታው ኤች 91.2 ነው ይላል። እሺ፣ ግን እዚያ ላይ ግራና ቀኝ የለም! የአሜሪካኖቹ ቅጂ ለግራ ጆሮ 91.22 አለው፣ እኛ ጋ ያለው መጽሐፍ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅቱ ነው፣ አንድ አሃዝ ብጨምር ሲስተሙ አልቀበልም ይለኛል።

ታዲያ ጆሮውን የት ልጻፈው? ደግሞ ኤምአርአይ ገና አልተነሱም። በኋላ ምክንያቱ ቢገኝ የዛሬውን ኮድ ልቀይረው ወይስ ለቀጣዩ ቀጠሮ አዲስ ልስጥ? የምታውቁ እባካችሁ፣ ሪፖርቱ ነገ ይሄዳል።