«በ32 ቀይረው፣ ትገላገላለህ»

ባለኮንታክተር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ፣ የፒያሳ ፎቅ የውሃ ፓምፕ ሲነሳ ሲ16 ብሬከሩ (የ16 አምፔር መብራት ማቋረጫ) እየወደቀ ያስቸገረው ሰው ጠየቀ። መልሱ «በ32 ቀይረው፣ ትገላገላለህ» ሆነ። ላይኩም ዘነበ! ሞተሩ 7.5 ኪሎዋት፣ ታርጋው 15 አምፔር። የሚገላገለው ሞተሩ ነው፣ ከነነፍሱ።

አራት ኪሎ፦ መካሪው እኔ ነኝ፣ በሐሜት አትምጣ። ቀጥታ ሲነሳ እስከ 7 እጥፍ ይስባል፣ 105 አምፔር መሆኑ ነው። ሲ16 ከ80 እስከ 160 ባለው በቅጽበት ይወድቃል፣ ታዲያ ምን ይገርማል? ሲ32 ከ160 በታች በቅጽበት አይወድቅም። ፓምፑ ተነሳ፣ ሰውየው ተገላገለ።

ባለኮንታክተር፦ አሁንም «ተገላገለ»! ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ፣ አንድ ፌዝ፣ ሲጠፋስ? የቀሩት ሁለቱ ወደ 26 ይወጣሉ። ያንተ 32 የሞተሩ ጥቅል ሽቦ እስኪጠቁር ተሸክሞት ይውላል። መነሻው ከከበደ ዲ16 አለ፣ ያው 16 ሆኖ መነሻን የሚታገሥ፣ በቅጽበት የሚወድቀው ከ160 ጀምሮ ነው።

እቴ ፓናል፦ ሁለታችሁም ብሬከር ላይ ተጣበቃችሁ። ብሬከር የሾርት ዘበኛ ነው፣ ሞተሩን የሚጠብቀው ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚነቃው) ነው፣ 15 ላይ ይሞላል። አነሳሱ ስታር ዴልታ (መጀመሪያ ቀንሶ አስነስቶ ኋላ ወደ ሙሉ የሚያዞር) ሆኖ ከዋናው ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ የማግኔት ማብሪያ) ስር ከተገጠመ ግን በ0.58 ይባዛል፣ 8.7። እዚያም 15 ላይ ከተተወ ጌጥ ነው።

አራት ኪሎ፦ ኦቨርሎድ አለው እኮ እትዬ፣ ሰውየው የለጠፈውን ፎቶ እዪው።

እቴ ፓናል፦ አየሁት። 95 እና 96 የተባሉት የኦቨርሎዱ የሽቦ ማሰሪያዎች ባዶ ናቸው። ኦቨርሎድ ራሱ መብራት አይቆርጥም፤ 95ን ከ96 ለያይቶ የኮንታክተሩን ኮይል (የማግኔቱን ጥቅል) ይጥላል እንጂ። የኮይሉ ሽቦ በዚያ ካላለፈ ቢግልም ዝም ብሎ ያያል። ሰማያዊዋ የመመለሻ ቁልፍም «ኤ» (አውቶማቲክ) ላይ ናት፤ ሽቦው ቢገባ እንኳ ሲበርድ ራሱ ይመልሳል። ሰው እጁን ፓምፑ ላይ ባደረገበት ሰዓት ቢነሳስ?

ሶኬት፦ ከ13 እስከ 18 የሚሞላ የሞተር ብሬከር (ብሬከርና ኦቨርሎድ ባንድ ላይ) ግዙና ሁሉንም ተገላገሉ። ፌዝ መጥፋትንም ያያል።

አራት ኪሎ፦ ዋጋውን ጠይቀሃል?

ሶኬት፦ የጥቅለላውንስ አንተ ጠይቀሃል?

ተከራይ፦ ስድስተኛ ፎቅ ውሃ ከወጣ ብሬከሩ 100ም ይሁን!

ባለኮንታክተር፦ ይኸው፣ ደቀ መዝሙርህ መጣልህ።

አራት ኪሎ፦ ውሃው እየወጣ ነዋ። ሌላ ምን ላስረዳ?

እቴ ፓናል፦ ክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ አምፔር የሚለካውን) በሦስቱም ፌዝ አዙርና ንባቡን ለጥፍልን።

አራት ኪሎ፦ ማን ከፍሎኝ?