በፓይተን ግራፍ ለመሥራት የቱ ይሻላል? ለተመራቂዎች የቀረበ ጥቆማ

ባሕር ዳር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ልጆች ሰሞኑን አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። ማትፕሎትሊብ፣ ሲቦርን ወይስ ፕሎትሊ? ሦስቱም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ ለመሥራት የሚያገለግሉ፣ ተጭነው የሚሠሩ የኮድ ስብስቦች (ላይብረሪዎች) ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ግራፉን የሚያየው ማነው? ወረቀት ላይ ነው ስልክ ላይ?

ለወረቀት ከሆነ ማትፕሎትሊብ። እዚህ ላይ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ስለሆነ፣ የሚገጥማችሁ ችግር ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ገጥሞታል፤ መፍትሔውም ተጽፏል። አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም። ኮዱ ይረዝማል፣ እሱን አልክድም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው አማርኛው ላይ ነው። «መስከረም» ብላችሁ ጽፋችሁ አምስት ባዶ ሳጥን ይወጣል። ኮዳችሁ አልተበላሸም። አብሮት የሚመጣው ደጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ፣ ከኮዱ አናት ላይ ስሙን ስጡት፣ በቃ። ጭናችሁም አላገኘሁትም ካላችሁ፣ ማትፕሎትሊብ የድሮውን የፎንት ዝርዝር ይዞ ስለሆነ ዝርዝሩን ያስቀመጠበትን የካሽ ፋይል (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አጥፉና እንደገና አስነሱት።

ሲቦርን የተሠራው ማትፕሎትሊብ ላይ ነው። ቦክስ ፕሎት (የቁጥሮችን ሥርጭት በሳጥን የሚያሳይ ግራፍ) እና የመሳሰሉትን በአንድ መስመር ኮድ ያወጣል፤ መልኩም ያምራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሲቦርንን ገጽታ (theme) በኮድ ስትጠሩ ፎንቱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ገጽታው፣ ከዚያ ፎንቱ።

አማካሪያችሁ በስልክ ከፍቶ፣ ነጥቡን እየነካ ቁጥሩን እንዲያይ ከፈለጋችሁ ፕሎትሊ ይሻላል። ብሮውዘር ላይ ስለሚከፈት አማርኛው ብዙ ጊዜ ያለ ጣጣ ይነበባል። ፋይሉ ሁሉን ነገር ከያዘ ከ3 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ማሳነስ ይቻላል፤ ያኔ ግን የጎደለውን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ የኢንተርኔት ዳታ የሌለው ሰው ሲከፍተው ነጭ ገጽ ነው የሚያየው። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ከባዱን ላኩ።

አልታይር የተባለው ሌላ ላይብረሪ ኮዱ አጭርና ንጹሕ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ካልነገራችሁት በቀር ከ5,000 ረድፍ በላይ አይቀበልም። የ14 ዓመት የየቀኑ ዝናብ ብቻ ከዚያ ያልፋል። ቦኬ የተባለውን ላይብረሪ ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም።

የጣናን የውኃ ከፍታ የምትሠሩ ደግሞ ባር ቻርት ተዉት። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዜሮ የሚነሳ ባር ወሩን ሁሉ እኩል ያስመስለዋል። በመስመር ሥሩት፣ ከዜሮ አታስጀምሩት። ያኔ ከክረምቱ ማብቂያ ወዲህ ውኃው እየወረደ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ሲል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የመጨረሻው ቀለም ነው። የኔን ጽሑፍ ማተሚያ ቤት በጥቁርና ነጭ አተመው፤ ቀዩና አረንጓዴው መስመር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ። አምስቱንም ኮፒ እንደገና ከፍዬ አሳተምኩ። መስመሮቹን አንዱን ድፍን፣ አንዱን ቁርጥርጥ አድርጉ። ለካርታ ቪሪዲስ የተባለውን የቀለም ስብስብ ተጠቀሙ፤ ከጨለማ ወደ ብርሃን ስለሚሄድ ፎቶኮፒ ላይም ይለያል። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት ግራፍ ያለበትን አንድ ገጽ ብቻ አስወጥታችሁ እዩ።