ሀሪኬን ሲመጣ ከሂውስተን እንውጣ ወይስ እንቀመጥ?

የአሊፍ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሊፍ፣ የሂውስተን ደቡብ ምዕራብ ሰፈር ነው፤ አፓርትመንታችን መሬት ላይ ያለው ወለል ነው። እናቴ የኦክስጅን ማሽን ትጠቀማለች፣ በደቂቃ 2 ሊትር። ሀሪኬኑ ከሦስት ቀን በኋላ በባሕር ዳሯ ከተማ በጋልቬስተን በኩል ይገባል፣ ካቴጎሪ 2 ነው ተብሏል። ግማሹ ሰው ዳላስ ሂዱ ይላል፣ ግማሹ አትነቃነቁ። በምን ልወስን?

ዶሮ ማነቂያ፦
መጀመሪያ ካቴጎሪውን ተወው። ቁጥሩ የነፋሱን ፍጥነት እንጂ የውሃውን ነገር አይነግርህም። ሀሪኬን አይክም በ2008 ሲገባ ካቴጎሪ 2 ነበር፤ ጋልቬስተን አጠገብ ባለው የቦሊቫር ባሕረ ገብ መሬት ላይ ግን ባሕሩ ከ15 ጫማ በላይ ገፍቶ ቤቱን ሁሉ ጠራርጎታል።

የመውጫ ዞኖቹ (ኮስታል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ) በዚፕ ኮድ የተከፈሉት ለዚሁ ለባሕር ውሃ ነው። አሊፍ ከነሱ ውጭ ነው። ከዞን ውጭ ያለው ሕዝብ አብሮ ሲወጣ የሚሆነው በ2005 በሀሪኬን ሪታ ጊዜ ታይቷል፤ ወደ ዳላስ በሚወስደው አውራ ጎዳና በአይ-45 ላይ ከ20 ሰዓት በላይ የቆመ ነበር፣ ነዳጅ አለቀ፣ ሙቀቱ ሰው ገደለ። ቴክሳስ ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው ነፋሱ ሳይሆን ሽሽቱ ነው።

የናንተ ስጋት ዝናብ ነው፤ በ2017 ከተማውን በዝናብ ያጥለቀለቀውን ሀሪኬን ሃርቪን አስታውሱ። በሰፈራችሁ ለሚያልፈው ወንዝ፣ ለኪጋንስ ባዩ ምን ያህል ትቀርባላችሁ? የሃሪስ ካውንቲ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ድረ ገጽ የየባዩውን የውሃ ከፍታ በየሰዓቱ ያሳያል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚያስገባችሁ ጎረቤት ካለ ዛሬውኑ አነጋግሩ።

ጣና ዳር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ለጤነኛ ሰው። እዚህ የሚወስነው መብራት ነው። ሀሪኬን ቤሪል ሐምሌ 2024 ካቴጎሪ 1 ሆኖ ነው ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ጨለማ ውስጥ የከተተው፤ ከሳምንት በላይ የቆየበትም አለ።

የኦክስጅን ማሽን ከ300 እስከ 400 ዋት ይፈልጋል። መኪናው ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ኢንቨርተር አይሸከመውም፤ ፊውዙ 10 ወይም 15 አምፔር ስለሆነ ይቃጠላል። «ኢ» የሚባለው መጠን ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር ደግሞ በ2 ሊትር ከአምስት ሰዓት ተኩል አይዘልም። ስለዚህ እማማን ይዛችሁ ውጡ። ዳላስ ግን የግድ አይደለም፤ ሰው በሙሉ በአይ-45 ወደ ሰሜን ሲጎርፍ እናንተ ወደ ምዕራብ፣ ሳን አንቶንዮ ወይም ኦስቲን። ነፋሱ በሰዓት 39 ማይል ከመድረሱ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ፣ ሌሊት ተነሱ። ኦክስጅን አቅራቢው እዚያ ሲሊንደር እንዲያደርስ ነገ ጠዋት ደውሉ። መኪና ከሌላችሁ ወደ እርዳታ መስመሩ 211 ደውሉ።

የአሊፍ ልጅ፦
እናመሰግናለን። ወንድሜ ዕቃ ለመጠበቅ እቀራለሁ ይላል፤ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ማስነሳት ይቻላል?

ዶሮ ማነቂያ፦
በፍጹም! ጭሱ በበርና በመስኮት ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም። ከማንኛውም ግድግዳ 20 ጫማ ይራቅ፤ አፓርትመንት ውስጥ ያ ቦታ ስለማይገኝ ጄኔሬተሩን ይርሳው። ውሃ በቀን አንድ ጋሎን ይያዝ። ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያቆያል፣ ሙሉ ፍሪዘር 48። መኪናውን ከፍ ያለ ቦታ ያቁም፤ 12 ኢንች የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል። ለዕቃው ብሎ ከሆነ የሚቀረው ደግሞ ፓስፖርቱንና ወረቀቱን እናንተ ይዛችሁለት ሂዱ፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ አሁን ቢገዛ እንኳ እስኪሠራ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይፈጃል።