ከድሮ የአናሎግ ዕቃ የቱን ልጨምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ። እስካሁን ሙዚቃ በኮምፒውተር ብቻ ነው የምቀዳው። አሁን አንድ የድሮ አናሎግ ዕቃ ልጨምር አስቤያለሁ። ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው)፣ ኮምፕረሰር (በጣም የጮኸውን ድምፅ የሚያለዝበው) ወይስ የቴፕ ማሽን? ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከፕሪአምፕ ጀምር። ድምፁ ወደ ዲጂታል ከመቀየሩ በፊት የሚያገኘው መልክ እስከ መጨረሻው አብሮት ነው የሚዘልቀው። ትራንስፎርመር ያለውን ጌኑን (የማጉያ መጠኑን) ከፍ ስታደርገው ሃርሞኒክ፣ ማለትም ድምፁን የሚያደምቁ ተጨማሪ ድምፆች፣ ይጨምርልሃል፣ የዘፋኙ ድምፅም ወፈር ይላል። ቴፕን ለጊዜው እርሳው። በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ሄዱን (ቴፑ የሚነካውን፣ የሚቀዳና የሚያነበውን ክፍል) ማጽዳት፣ ከማግኔት ነፃ ማድረግ፣ ማስተካከል አለበት፤ ጥገናው ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

መልስ፦ እኔ ኮምፕረሰር እላለሁ። 1176 የሚባለው ኮምፕረሰር በ1967 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ ዛሬም ድምፃዊ ላይ የሚያህለው የለም። አታኩ (ድምፁን ለመያዝ የሚወስድበት ጊዜ) ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ስለሆነ ድንገት የሚጮኸውን ቃል ቶሎ ይይዘዋል። ፕላግኢኑም (በኮምፒውተር የሚሠራው የሶፍትዌር ቅጂው) ጥሩ ነው፣ ግን እየቀዳህ በእጅህ ስታዞረው ውሳኔህ ይፈጥናል።

መልስ፦ ኮንቨርተሩንስ (አናሎጉን ወደ ዲጂታል፣ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረውን)? ድምፁ ከኮምፒውተር ወጥቶ በአናሎጉ ዞሮ ሲመለስ ይዘገያል። ሶፍትዌርህ መዘግየቱን ለክቶ እንዲያስተካክል አድርግ፣ አለዚያ ከበሮውን ከኦሪጅናሉ ጋር ስትቀላቅለው ፌዙ (የሁለቱ ድምፆች ሞገድ) ይጋጭና ቀጭን ይሆናል። በ24 ቢት ስትቀዳ ደግሞ የድምፁን አማካይ መጠን ከ0 (ከዲጂታሉ ጣሪያ) በታች 18 ዲቢ አካባቢ ተወው፤ ሜትሩን ቀይ ማስነካት ምንም አይጠቅምም።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ፕሪአምፕ ይሁን። የሚዞሩትን ቁልፎች ቦታ ግን እንዴት ነው የምታስታውሱት?

መልስ፦ በስልክ ፎቶ አንሳና ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው።