ማስታወቂያ በሸክላ ማውጫው ድረ ገጽ ላይ፦ ለአባላት አስተያየት የቀረበ የጋራ ዕቅድ

ጸሐፊው፣ ሰኔ 4
የድረ ገጹ ዓመታዊ ክፍያ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ዘንድሮም እንደ አምናው ከሦስት ሰው ኪስ እንዲወጣ መጠበቅ ነውር ነው። ስለዚህ በባለ 45 ዙር የሙዚቃ ሸክላዎች ማውጫችን ላይ የጉግል አድሴንስ (ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ ለባለቤቱ የሚከፍል አገልግሎት) ማስታወቂያ እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንዱ በመግቢያው ገጽ ቀኝ ጥግ፣ ሌላው ከእያንዳንዱ አሳታሚ ዝርዝር ግርጌ ይቀመጣል። ለዚህም ሲባል በቀኝ ጥግ ያለው የመሥራቹ ፎቶግራፍ «ስለ እኛ» ወደሚለው ገጽ ይዛወራል። አስተያየት እስከ ሰኔ 20 ይሰጥ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኔ 5
ሒሳቡን አብረን እንየው። በወር አሥር ሺህ እይታ አለን ብንል፣ ለሺህ እይታም አንድ ዶላር ቢታሰብልን፣ በወር የምናገኘው አሥር ዶላር ነው። አድሴንስ መቶ ዶላር ሳይሞላ ስለማይከፍል የመጀመሪያውን ገንዘብ የምናየው ከአሥር ወር በኋላ ይሆናል፤ ነሐሴ ግን አይጠብቀንም። በተጨማሪም ሒሳቡ አሥር ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይልካሉ፤ ማኅበሩ ደግሞ የፖስታ ሳጥን የለውም። የማን ሳጥን፣ የማን ስም ይሁን?

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 5
በእኔ ስም ሊከፈት እንደሚችል አምናም ተናግሬአለሁ። ገቢው እዚህ አሜሪካ በስሜ ለግብር ስለሚመዘገብ፣ ግብሩን ማን እንደሚሸፍን በቃለ ጉባኤ ይስፈርልኝ። ያለፈው የድምፅ ማጉያ ግዢ ሒሳብ እስካሁን እንዳልተዘጋልኝም አትርሱ።

አባል፣ ፒያሳ፣ ሰኔ 6
የመሥራቹን ፎቶግራፍ ከመግቢያው ገጽ አንሥቶ የውርርድ ማስታወቂያ በቦታው መለጠፍን ማን ፈቀደ? ማውጫው የተጀመረው በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ደብተር መሆኑን የማያውቅ አባል የለም። የአምሀ ሪከርድስ መሥራች አምሀ እሸቴ የሀገር ፍቅር ቴአትርን ሸክላ የማሳተም የብቸኝነት መብት ተዳፍሮ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም ሲጀምር የጉግልን ሳንቲም ጠብቆ አልነበረም።

አባል፣ ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 6
አምሀ እሸቴ ሙዚቃ ቤት የነበረው ነጋዴ ነው፤ ለመሸጥ አላፈረም። ፎቶግራፉን በተመለከተም እውነቱን እንናገር፦ የደበዘዘ ነው፣ ግማሹ የመደርደሪያ ጥላ ነው፣ በእጃቸው የያዙት ሸክላ ልባስም ተዘቅዝቋል። እሳቸው ራሳቸው አልወደዱትም።

አባል፣ ፒያሳ፣ ሰኔ 6
አንተ ልጅ፣ አልወደዱትም የሚለውን ከማን ሰማህ? ያን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

አባል፣ ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 7
እርስዎ ማንሣትዎን አላውቅም ነበር፤ ልባሱ መዘቅዘቁ ግን በዚህ አይለወጥም።

የሕግ ባለሙያዋ፣ ሰኔ 7
ዋናውን ጉዳይ፣ በድረ ገጹ ላይ የተጫኑትን ዘፈኖች፣ ማንም አላነሣም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብት የሚጠበቀው ለ50 ዓመት ስለሆነ፣ አምሀ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ያወጣቸው ሥራዎች ዘመናቸው አልፏል ብለን ብንከራከር እንኳ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ጉግልም ያለፈቃድ የተጫነ ሥራ ባለበት ገጽ ላይ ማስታወቂያ አይፈቅድም። ስለዚህ ማስታወቂያው ድምፅ በሌለባቸው የማውጫ ገጾች ላይ ብቻ ይወሰን፤ ሰዎች የሚበዙት ግን ድምፁ ያለበት ዘንድ ነው።

አባል፣ መርካቶ፣ ሰኔ 8
ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው፤ ፎቶው አይነካ። ገቢው አነሰ ከተባለ ደግሞ ሁላችንም በየቀኑ ማስታወቂያውን አሥር አሥር ጊዜ ብንነካው ምን ይከለክላል?

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኔ 8
የሚከለክለው ራሱ ጉግል ነው። የራሳችንን ማስታወቂያ እየነካን ከተገኘን ሒሳቡ ይዘጋል፤ የተጠራቀመውም ይቀራል።

ድረ ገጹን የሚሠራው አባል፣ ሰኔ 9
ፎቶው በቀኝም፣ በግራም፣ ከርእሱ በላይም ሆኖ ምን እንደሚመስል እስከ ቅዳሜ ሠርቼ አሳያለሁ።

ጸሐፊው፣ ሰኔ 17
ቅዳሜ አልፎ ሌላ ቅዳሜ እየመጣ ነው። ልጁ ስልክም አያነሣም። እስካሁን ከተጻፉት አስተያየቶች አብዛኞቹ ስለ አንድ ፎቶግራፍ መሆናቸውን በትሕትና አስታውሳለሁ።

አባል፣ ፒያሳ፣ ሰኔ 17
በትሕትና ከሆነ እኔም እመልሳለሁ። ፎቶው ይደበዝዛል የተባለው አሳዝኖኝ የድሮውን ካርቶን ስፈትሽ ኔጋቲቩን አገኘሁት፤ ሌላ የተሻለም አብሮት አለ፤ ልባሱም አልተዘቀዘቀም። በደንብ ይታጠብና በትልቁ ይታተም።

አባል፣ ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 18
ጋሼ፣ ከተገኘስ የእጥበቱን እኔ እከፍላለሁ። ባለፈው የጻፍኩት ከረር ያለ ነበር።

አባል፣ መርካቶ፣ ሰኔ 18
በትልቁ ከታተመ ለምን የግድግዳ ካሌንደር አናደርገውም? መሥራቹ ሽፋኑ ላይ፣ በየወሩ አንድ ሸክላ ልባስ፣ ከግርጌው የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ። ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ቅዳሜ ማታ ባንድ የሚያጫውቱ ሆቴሎች ስሙን ስለሚፈልጉት ቅድሚያ ይከፍላሉ፤ ከአሥር ዶላሩም ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኔ 19
ማተሚያ ቤት ቀብድ ሳይዝ ሥራ አይጀምርም። ቀብዱ ከየት ይመጣል?

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 19
ካሌንደሩ ከሆነ እኔ እዚህ ሃምሳ አስቀድሜ እገዛለሁ፤ ግብር የለው፣ የፖስታ ቁጥር የለው። መስከረም ላይ ግን አለማየሁ እሸቴ ይሁን፤ የአምሀ የመጀመሪያው ሸክላ የእሱ ነውና።

የሕግ ባለሙያዋ፣ ሰኔ 19
የልባሶችን ምስል አትሞ መሸጥ ማውጫ ላይ ከማሳየት የበለጠ ፈቃድ ይጠይቃል። የቤተሰቦቹን አድራሻ የሚያሰባስብ አንድ ሰው ይመደብ።

ጸሐፊው፣ ሰኔ 20
በተሰጠው አስተያየት መሠረት ዕቅዱ እንዲህ ተሻሽሏል፦ ማስታወቂያ በድረ ገጹ ላይ ለጊዜው አይገባም፤ ፎቶግራፉ ባለበት ይቆያል፤ ካሌንደሩ በአምስት መቶ ቅጂ ይዘጋጃል። የድረ ገጹ ክፍያ ከካሌንደሩ ትርፍ ይሸፈናል፤ ትርፉ ከነሐሴ በኋላ የሚገኝ በመሆኑ ያው ሦስት አባላት በብድር መልክ ያስቀድማሉ። ስማቸውን ያልጠቀስኩት ስለሚያውቁት ነው። ቤተሰቦችን ለማነጋገር ፈቃደኛ የሆነ አባል እስካሁን አልቀረበም።

አባል፣ መርካቶ፣ ሰኔ 21
ሆቴሎቹን ማነጋገር ጀምሬአለሁ፤ ለመስከረምና ለጥር ሁለቱም እሺ ብለዋል። የተመረጡት ልባሶች ግን አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ጳጉሜን የራሷ ገጽ ይኑራት ወይስ ከነሐሴ ጋር ትግባ? አንዱ ባለ ሆቴል አምስት ቀን ስለሆነች በሩብ ዋጋ ልውሰዳት ይላል።