ዊንዶውስ 7 ላይ ለጀማሪ ልጆች ፓይተን ለመጫን እርዱኝ (ጅማ)

የክረምት አስተማሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነኝ። ዘንድሮ ክረምት ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላስተምር ተስማምቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ በእርዳታ የተገኙ 12 ዴስክቶፖች አሉ፤ ሁሉም ዊንዶውስ 7፣ 32 ቢት፣ ራማቸው 2 ጊጋ። ኢንተርኔት የለም፣ የኔ ስልክ ዳታ ብቻ። አዲሱን ፓይተን በፍላሽ ወስጄ ልጭን ስል ዊንዶውሱ አሮጌ ነው ብሎ ቆመ። ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያም አልገባ አለ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ የአማርኛ መጻፊያ ጭኜ፣ ማታ አጥፍቼ፣ ጠዋት ስከፍተው የለም! ዴስክቶፕ ላይ የተውኩት ፎልደር እንኳ ጠፍቷል። ቫይረስ ይሆን?

ባለ ጥገናው፦
ቫይረስ አይደለም ወንድሜ፣ ዲፕ ፍሪዝ ይመስለኛል። ኢንተርኔት ቤቶችና የትምህርት ቤት ላቦች የሚጭኑት ነው፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ከታች በቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ ነጭ ድብ ትታይሃለች? ሺፍት ይዘህ ሁለቴ ክሊክ አድርጋት፣ ፓስወርድ ትጠይቅሃለች። ከገባህ «ቡት ቶድ» (ሳይቀዘቅዝ ተነሳ) የሚለውን መርጠህ ሪስታርት፤ ሁሉን ጭነህ ስትጨርስ መልሰህ «ቡት ፍሮዝን» (ቀዝቅዞ ተነሳ)። ፓስወርዱን ማሽኖቹን የሰጧችሁን ሰዎች ጠይቅ። እነሱም ከሌላቸው ፎርማት ነው፣ ሌላ መላ አትፈልግ። ጨርሰህ እንዳታጠፋው ግን፤ ልጅ በሞላበት ክፍል እንደሱ ያለ ዘበኛ የለም። የልጆቹ ሥራ ያልቀዘቀዘ ድራይቭ ካለ እዚያ፣ ከሌለ በፍላሽ ይቀመጥ።

ኪቶ ፉርዲሳ የተማረች፦
ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ ከ3.9 ጀምሮ አይገባም። ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው የዊንዶውስ ማሻሻያ መኖሩንም እይ። እኔ ብሆን ግን ፓይተንን ለብቻ አልጭንም፣ ቶኒ (Thonny) የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ነው የምጭነው። ኢስቶኒያ፣ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪ ተማሪ ብለው የሠሩት ነው፣ ፓይተኑ አብሮት ይመጣል። ማውረጃው ላይ ፓይተን 3.8 ያለውን የ32 ቢቱን ምረጥ። አንድ ፋይል ነው፣ ዳታህን አይጨርስም። የያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ በጎን ያሳያል፣ ኮዱንም ደረጃ በደረጃ ያስኬዳል፤ ለጀማሪ ይሄ ከምንም በላይ ነው። ኤፍ 5 ሲጫኑ መጀመሪያ ሴቭ ያደርጋል፣ ከዚያ ያስኬዳል። መብራት ለሚሄድበት አገር ትልቅ ነገር ነው።

ቪኤስ ኮድ ዊንዶውስ 7ን የተወው ከ1.70 በኋላ ነው፤ አሮጌውን ብታገኘውም በ2 ጊጋ ራም ታዛጋለህ።

የፔንግዊን ወዳጅ፦
በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ ጫንና ተገላገል!

ባለ ጥገናው፦
በ32 ቢት? ኡቡንቱም ሚንትም የሚባሉት ሊኑክሶች ትተውታል። ዴብያን 12 ይሠራል፣ ግን ክረምቱ በኢንስታሌሽን ያልቃል።

የሂርማታዋ መምህርት፦
ስለ መጫኑ ብለውልሃል። እኔ የምነግርህ ልጆቹን የሚያስለቅሳቸውን ነው። የግዕዝ ኪቦርድ ከፍተው ይረሱትና በእንግሊዝኛው ኮለን ፋንታ «፡» ያስገባሉ። ለዓይን አንድ ነው፣ ፓይተን ግን ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ይላል፤ ልጁ ኮዱን አሥር ጊዜ ቢያነበው አያገኘውም። «፣»ም እንደዚያው። ልጁ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ከቀረ መጀመሪያ ኪቦርዱን እይ።

በአፋን ኦሮሞ የሚጽፉት ደግሞ ሁዻ (በቃል መሃል የምትገባው ' ምልክት) አለባቸው። ጽሑፉን በነጠላ ጥቅስ ከከፈቱት ሁዻዋ እንደ መዝጊያ ትቆጠርና መስመሩ ይበላሻል። ከመጀመሪያው ቀን ድርብ ጥቅስ አስለምዳቸው። እኛ ከተማ ግማሹ ክፍል በቁቤ ነው የሚጽፈው፣ ከውጭ የሚመጡ ቪዲዮዎች ይሄን አይነግሩህም።

በፕሪንት ትእዛዝ የአማርኛ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማውጣት ቶኒ ውስጥ ይሠራል። ጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ ካስኬዱት ግን ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳያቸው፤ ኮዱ ተሳስቶ አይደለም፣ ፎንቱ ነው።

የክረምት አስተማሪ፦
ድቧ አለች! ፓስወርዱን እያስጠየቅኩ ነው። እህቴ፣ የሁዻዋን ነገር በራሴ አላስበውም ነበር፣ ተባረኪ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍላሼን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳዞር ፎልደሮቼ ሾርትከት ሆኑብኝ።

ባለ ጥገናው፦
እሱስ ቫይረስ ነው። ቶድ ካደረግክ በኋላ፣ መልሰህ ፍሮዝን ከማድረግህ በፊት ማሽኖቹን ስካን አድርግ፣ አለዚያ ቫይረሱንም አብረህ ታቀዘቅዘዋለህ። መጫኛውን ዲቪዲ ላይ አስጽፈው፤ ተጽፎ የተዘጋ ዲስክ ላይ ምንም አይገባም። ማንበቢያው የማይሠራ ማሽን ካለ ከሚሠራው አውልቀህ ለጊዜው ግጠምለት።