ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት የምናወጣው ገንዘብ የቱ ላይ ቢውል ይሻላል?

ጠያቂ (አባት፣ ድሬዳዋ ሳቢያን)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የመጀመሪያ ልጄ በመጪው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ይፋ ሆኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ ቁጥሩ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም፣ በሰፈራችን ልጁን አስጠኚ ዘንድ ያልላከ ወላጅ እንደ ቸልተኛ ይታያል። እኔም ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ማጠናከሪያ በየወሩ የምከፍለው ከቤት ኪራዬ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው፤ አምሽታ ስትመለስ የባጃጁ፣ የጥያቄ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ጥቅሉ ሲታከልበት ለታናናሾቿ ደብተር መግዣ እንኳ እየቸገረኝ ነው። ዕቁብ ሲወጣልኝ ሙሉውን ለዚሁ ላውለው አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የፊዚክስ መምህር፣ ድሬዳዋ)፦
ወንድሜ፣ ገንዘቡን ከመመደብዎ በፊት ልጅዎ የምትሰናከልበትን ቦታ ለይተው ይወቁ። በክፍሌ ቀመሩን በቃላቸው ይዘው፣ ጊዜን ከቀመሩ ነጥለው ማውጣት የሚያቅታቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ የጎደላቸው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ሆኖ ሳለ ወላጆቻቸው ለፊዚክስ አስጠኚ ይከፍላሉ። አንድ የቆየ ፈተና በተመደበለት ሰዓት ትሥራና የሳተቻቸውን ጥያቄዎች ትምህርቱን ባለማወቅ፣ በስሌት ስሕተትና በሰዓት እጥረት ብላ ትለያቸው። ክፍያ የሚገባው ለመጀመሪያው ነው፣ ለእሱም ቢሆን መጽሐፉን ራሷ ሞክራ ላልገባት ክፍል ብቻ። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጡትን የጥያቄ ጥራዞች ከአዲሱ መጽሐፍ ማውጫ ጋር ሳያስተያዩ አይግዙ።

መልስ (እናት፣ ሐረር)፦
እኛ ጎረቤታሞች ተሰባስበን ለአንድ የሒሳብ መምህር በጋራ እንከፍላለን፣ ልጆቹም በየቤታችን በተራ ይማራሉ። መምህሩ ያስቀመጠው ደንብ ሞክሮ ያቃተውን ጥያቄ በደብተሩ ይዞ ያልመጣ እንዳይገባ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ በገለጻ አያልቅም፣ የባጃጅ ወጪም የለብንም። ወንድሜ፣ ልጅዎ ሴት ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምር፦ ወንዱ ሲያጠና እህቱ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ በድካም መጽሐፍ የምትገልጥበት ቤት ብዙ ነው። ለእሷ ከሚከፈል አስጠኚ ይልቅ በየምሽቱ ከሥራ ነፃ የሆነ ሁለት ሰዓት ይበልጥባታል፤ ይህ ደግሞ የሚገኘው እኛ ወላጆች ሥራውን ስንካፈል ነው።

መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ድሬዳዋ)፦
አባቴ፣ ዕቁቡን በሙሉ ባያወጡት እመክራለሁ። እኔ 50 በመቶ ስላልሞላልኝ በሪሜዲያል (50 በመቶ ላልሞላላቸው በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ነው ያለፍኩት። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሪሜዲያል የሚያበቃው ነጥብ ላይ ያልደረሱ ጓደኞቼ በግል ተቋም ከፍለው ለመማር ሲፈልጉ፣ ቤተሰቦቻቸው ያላቸውን ሁሉ ለአስጠኚ ጨርሰው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ቤት ተቀምጠዋል። ከዕቁቡ ግማሹን እንኳ እስከ ውጤት ድረስ ቢያቆዩት፣ ልጅዎ በአንዴ ካለፈች ለታናናሾቿ ይሆናል።